በጀልባ ላይ አዲስ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህች ትንሽ መጽሔታችን ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ዓሣ ለማጥመድ ስለ መሄድ ነው። «ይህ ደግሞ ምን መንፈሳዊ ቁም ነገር አለው?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ጌታችን ከመረጣቸው ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አራቱ፣ ማለትም ጴጥሮስ፣ እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ፣ ከመረብ ሥራ ላይ የተጠሩ ናቸውና ስለ ዓሣ ማውራት ከወንጌል መራቅ አይመስለኝም። ደግሞም ዋናው ነገሬ ዓሣው አይደለም፤ በጀልባዋ ላይ የሠራሁት ጥፋት ነው። ከዚያም በፊት በክፍላችን ውስጥ የሠራሁት ሌላ ጥፋት አለ፤ እርሱን የነገረኝ ይኸኛው ነው።

እንደምታውቁት እኛ የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ልጆች ከሐይቁ ይልቅ ለአውቶቡሱ እንቀርባለን። ጧት የሚቀሰቅሰን «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» እያለ የሚጣራ ልጅ ነው እንጂ የወፍ ድምፅ አይደለም። ሐይቁ በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ወደዚያ የምንወርደው እንግዳ ሲመጣብን ወይም ዓሣ ጥብስ ሲያምረን ነው። እኔ በሐዋሳ ተወልጄ፣ በሐዋሳ አድጌ፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሐዋሳ ልጅ ሆኖ «ጀልባ አላውቅም፣ ዋናም አልችልም» ማለት ያሳፍራላ!

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሳምንት በክፍላችን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ስንማር ሰነበትን። ጌታችን ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ የታየበት ክፍል ነው። ያን ጊዜ አንዲት እኅታችን «ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ስለ አጥማጆች ከመጽሐፍ ብቻ የምንማረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ወራቱ በዓለ ሃምሳ ስለ ሆነ ጾም የለም፤ ቅዳሜም ነፃ ነን። ሐሳቡ ተወደደና ሰባት ሆነን ገንዘብ አዋጣን። በዚያች ሌሊት ከጴጥሮስ ጋር ወደ ባሕር የገቡትም ከእርሱ ጋር ሰባት መሆናቸውን ያስተዋልነው በኋላ ነው።

ጀልባ ለብቻችን መከራየት ግን ከዐቅማችን በላይ ሆነ። ስለዚህ በሰው ልክ ከፍለን ከሌሎች ጋር ልንጋራ ተስማማን። መናኸሪያ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መኪናውም ሳይሞላ አይሄድ። ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ተጨመሩብን። አንዱ የራሱን ማጥመጃ በከረጢት ይዞ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ታጠምድ እንደ ነበር የነገረችን ሴት ናት። ባለ ጀልባው ሽማግሌና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ሲጨመሩ ዐሥራ አንድ ሆንን።

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ደረስን። አሞራ ገደልን የማያውቅ የለም፤ በዚያ ሰዓት ያያችሁት ግን ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ማታ መረብ ጥለው የሄዱ አጥማጆች ጎሕ ሲቀድ ያነሡትን ይዘው ይመለሳሉ፤ ዓሣውንም ከመረቡ ቀዳዳ አንድ በአንድ እየፈቱ ያወጣሉ። አባ ኮዳዎቹ ካባ እንደ ደረቡ ሽማግሌዎች ዳር ዳሩን ቆመው የሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ከሁሉም የሚበዛው ቆሮሶ ነው፤ ጢማሙ አምባዛም አለ፤ ቢልጫ የሚሉትም እንዲሁ። ይህንን የእኛን ቆሮሶ በንቀት አትዩት። በገሊላ ባሕር ዳር ለተሳላሚዎች «የጴጥሮስ ዓሣ» ተብሎ የሚቀርበው ዓሣ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ከበላያችን ያለውም ተራራ ታቦር ይባላል፤ የገሊላውም ታቦር ይባላል። ውኃው ደግሞ እኛ እንደምናስበው በጣም አይለያይም። የገሊላው 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የእኛው 90 ገደማ ነው። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1986) በዚያ ድርቅ ሆኖ ውኃው በሸሸ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ከጭቃው ውስጥ የጌታችን ዘመን የሆነች የእንጨት ጀልባ አግኝተዋል። ርዝመቷ ስምንት ሜትር ከጥቂት፣ ስፋቷ ሁለት ሜትር ከጥቂት ነው። ስዕሉ ላይ ትልቅ መርከብ ስለምናይ እንጂ ሐዋርያት የነበሩበት ታንኳ ከእኛይቱ እጅግ የሚበልጥ አልነበረም ማለት ነው። በእንዲህ ያለች ታንኳ ላይ አንዱ ቢንቀሳቀስ ሁሉም ይሰማዋል።

ሽማግሌው ጀልባዋን ከመፍታታቸው በፊት ሁላችንን ሰበሰቡንና «ልጆቼ፣ ዋና የማይችል እጁን ያንሣ» አሉ። አራት ሰዎች አነሡ። «ዓሣ አጥምዶ የማያውቅስ?» አሉ። አምስት አነሡ። እኔ በሁለቱም ጊዜ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ለምን? የክፍሉ ተጠሪ ነኛ! በየሳምንቱ ስም የምጠራው፣ የቀረውን «ለምን ቀረህ?» የምለው እኔ ነኝ። በእነዚህ ፊት አላውቅም ማለት ከበደኝ። ላይፍ ጃኬቱም ለሁላችን አልበቃም፤ ሁለት ጎደለ። ሽማግሌው ዋናተኛ ማን እንደ ሆነ ቢጠይቁ ያ ጎልማሳ «ለእኔ ይቅር» አለ። እኔም ከእርሱ ላለማነስ «ለእኔም ይቅር» አልኩ። ይህ ልክ አልነበረም። ለሁሉም እስኪበቃ ድረስ ከዳር መንቀሳቀስ አልነበረብንም። እናንተም ስትሄዱ ጃኬቱን ቆጥራችሁ ግቡ።

ቀጥሎ ሽማግሌው እጃቸውን ያነሡትን አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሩ ጀመር። በጀልባ ላይ አይቆምም፤ ቦታ መለወጥ የፈለገ አስቀድሞ ይናገራል፣ ጎንበስ ብሎም ይሄዳል። ክር የሚጣለው በየራስ ጎን ቀጥታ ወደ ታች ነው። አንዱ «ያዘልኝ!» ሲል ግራና ቀኙ ያሉት ክራቸውን ይሰበስባሉ። ቆሮሶ የጀርባው እሾህ ስለሚወጋ እጅ ከራሱ ወደ ጅራቱ እየዳበሰ ይይዘዋል። አምባዛ ደግሞ በጎኑና በጎኑ ባሉት ክንፎች ላይ እሾህ አለውና ዝም ብሎ አይጨበጥም። ይህን ሁሉ አሁን በዝርዝር የምጽፍላችሁ በኋላ ስለ ተማርኩት ነው። ያን ጊዜ እኔ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ታቦርን ፎቶግራፍ አነሣ ነበር። የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ያዳምጣል?

ወደ ውስጥ ገባን። ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁ እንደ ብራና ተዘርግቶ ነበር። በስተ ዳር በኩል የጉማሬ ጀርባ ታየንና ሽማግሌው ርቀው ዞሩ፤ ጉማሬ ቀልድ አያውቅም። በነገራችን ላይ ሐይቃችን ጥቁር ውኃን የመሰለ የሚገባበት ወንዝ አለው እንጂ የሚወጣበት የለውም። የወረወርነው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በውኃው ላይ ስንት ባዶ ሃይላንድ ተንሳፍፎ እንዳየን ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሽማግሌው በገመድ የታሰረ ድንጋይ ጥለው ጀልባዋን አቆሙ። ለየአንዳንዳችን በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ናይለን፣ መንጠቆና ትል ታደለን። እጃቸውን ያነሡት አምስቱ እንደ ተባሉት ቀስ ብለው ወደ ታች ለቀቁ። እኔ ግን በፊልም እንዳየሁት ክሩን በራሴ ላይ አሽከርክሬ ወረወርኩ። ክሩ በሦስት ሰዎች ክር ላይ አረፈ። ስስበው ተጠላለፈ። ባሰብኝና ይበልጥ ሳብኩ። በመጨረሻ አራት ክር አንድ ጉንጉን ሆኖ ወጣ። «የማን ነው?» ሲባል ምን አልኩ ይመስላችኋል? አጠገቤ ወደ ተቀመጠው ታናሽ ወንድማችን እያየሁ «ክርህን ቀጥ አድርገህ አልያዝክም» አልኩት። እርሱም እጁን አንሥቶ የነበረ ጀማሪ ስለ ሆነ አምኖኝ «ይቅርታ» አለ። ያ ጎልማሳ ግን አይቶኛል። ምንም አላለም፤ ጉንጉኑን ከእጄ ተቀብሎ ሲፈታ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ከፍሎ የመጣበትን ጧት በእኔ ክር ላይ አጠፋ።

በዚህ አልበቃም። ክሬን መልሼ ከጣልኩ በኋላ አንድ ከባድ ነገር ጎተተኝ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንዲሉ ልቤ ዘለለ። አምባዛ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ብድግ ብዬ ቆምኩ። ጀልባዋ ወደ እኔ ጎን ተጋደለች፤ ውኃ በጠርዟ ዘልቆ ገባ፤ እኅቶች ጮኹ፤ እኔም ሚዛኔን ስቼ ወደ ውኃው አዘነበልኩ። ከወገቤ በላይ ከጀልባዋ ውጪ ሆኜ ሳለሁ አንድ እጅ ቀበቶዬን ጨምድዶ ወደ ኋላ ጎተተኝ። የዚያ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ነው። በጀልባዋ ወለል ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። ዓሣውም ክሩም ሄደ።

ለጥቂት ጊዜ የሚናገር አልነበረም። ከዚያ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም፣ አባባ።»

«አጥምደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ጧት ስጠይቅ ምነው ዝም አልክ?»

«አፈርኩ» አልኩ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል ግን ጧት አላፈርኩም ነበር።

አልተቆጡኝም። የራሳቸውን ላይፍ ጃኬት አውልቀው በልጁ እጅ ላኩልኝና «አንተ ዋና ሳትችል ከሰጠምክ ለማውጣት የሚገባው ሌላ ሰው ነው። የአንተ ዝምታ የአንተ ብቻ አይደለም» አሉ። ለልጁም «ከመጀመሪያው ጀምረህ አሳየው» ብለው አዘዙት።

ልጁ አጠገቤ ተቀመጠ። ከእኔ በዐሥር ዓመት ያንሳል። ያን ሁሉ አይቶ ሳለ አንዲት ፈገግታ እንኳ በፊቱ ላይ አላየሁም። መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር ሁለት ጊዜ አሳየኝ። ሦስተኛውን «አንተ እሰር» አለኝ። ስሳሳት ፈትቶ እንደ ገና ሰጠኝ። ክሩን በጣቴ ላይ አሳርፌ ዓሣው ሲነካካው እንድሰማ አስተማረኝ። «ሲነካው አትሳብ፤ ይዞ ሲሄድ ነው የሚሳበው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቆሮሶ ያዝኩ። አንደኛው ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ ነበርና ልጁ ተቀብሎ መልሶ ለቀቀው። ደስ አላለኝም፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ዓሣዬ ነበር እኮ! እርሱ ግን የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ፣ ትንሹ ሳይወልድ ከተያዘ ነገ የሚያዝ እንደማይኖር ነገረኝ። ኋላ እንዳነበብኩት ሀገራችንም በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን ያወጣችው ሀብቱ በአያያዝ ጉድለት እንዳያልቅ ነው። ልጁ ግን አዋጁን ያነበበ አይመስለኝም፤ ከአያቱ ሰምቶ ነው።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ መነሣት ጀመረና ተመለስን። በመንገዳችን ሁሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጁ ለምን አልሳቀብኝም? እኔ ብሆን እስቅ ነበር። ይህን እንዳሰብኩ ነው ያ ወጣት ትዝ ያለኝ።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ባለፈው ጥቅምት ወደ ክፍላችን የመጣው፣ መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ በመጫን የሚተዳደረው ወንድማችን። በመጀመሪያው ቀን ብድግ ብሎ «እኔ ግእዝ ማንበብ አልችልም፤ ለመማር ነው የመጣሁት» አለ። ልብ በሉ፤ እኔ በጀልባዋ ላይ ያላነሣሁትን እጅ እርሱ በፊታችን አንሥቶ ነበር። እኛ ግን በተራ ስናነብ ውዳሴ ማርያሙን ለእርሱም ሰጠነው። ፊደሉን እንደ አማርኛ እየቆጠረ አነበበ፤ አንዱን ቃል ሲስተው ሌላ የሚያስቅ ትርጉም ሰጠ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ገሠጹን፤ ነገር ግን ሳቁ ወጥቷል። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደ ነበር መምህራችን አላወቁም፤ እኔ ነበርኩ። ያ ወንድማችን ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀረ። እኔም በስም መጥሪያው ላይ በስሙ አንጻር የቀረ ምልክት አደረግሁ፤ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ተባባልን፤ ከአንድ ወር በኋላ ስሙን ሰረዝኩት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ በአሞራ ገደል እጄን ማንሣት ያስፈራኝ ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እጁን ባነሣ ሰው ላይ ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበርና ነው። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። በአላዋቂ የሚስቅ ሰው እርሱ ራሱ አላዋቂ የሚሆንበት ቀን ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ሳቁ በሩን ከውስጥ ዘግቶበታል። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ ግን የጠየቀውን እየሳቅን ካባረርነው ጥፋቱ ካልጠየቀው ላይ ብቻ ነውን?

እስቲ ቅዱስ ጴጥሮስን እንመልከት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም አልያዘም። ሥራው ነው፤ ሐይቁን እንደ ቤቱ ያውቀዋል። በሰው ዓይን ሲታይ ደግሞ ያን ጧት በታንኳው ላይ የተቀመጠው መምህር የናዝሬት ጠራቢ እንጂ አጥማጅ አልነበረም። ጴጥሮስ «ስለ ዓሣ ለእኔ ይነግረኛልን?» ማለት ይችል ነበር። ድካሙን አልደበቀም፤ ምንም እንዳልያዙ በግልጽ ተናገረ፤ ከዚያም ስለ ቃሉ ብሎ መረቡን ጣለ። ዐዋቂው እንደ ጀማሪ ሆነ። እኔ ጀማሪው እንደ ዐዋቂ ሆንኩ። መረቡም በሞላ ጊዜ ብቻውን ሊስበው አልሞከረም፤ በሌላይቱ ታንኳ ያሉትን ባልንጀሮቹን ጠቀሰ፤ ሁለቱም ታንኳዎች እስኪጠልቁ ድረስ ሞሉ። በረከቱ የመጣው ለአንድ ታንኳ ከሚበቃው በላይ ሆኖ ነው። ሰውን ሳይጠሩ የሚሸከሙት አልነበረም።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሳነበው ከዚህ በፊት ያላየሁትን አሳየኝ። ጴጥሮስ ዓሣ ለማጥመድ እንደሚሄድ ሲናገር አብረውት ከሄዱት መካከል ቶማስና ናትናኤል ይገኛሉ። ናትናኤል የቃና ሰው ነው፤ ቃና ደግሞ በኮረብታው አገር ያለች እንጂ የባሕር ዳር ከተማ አይደለችም። ቶማስም አጥማጅ እንደ ነበር ወንጌል አልነገረንም። እንግዲህ እንደ እኔ ግምት በዚያች ታንኳ ላይ ከዘብዴዎስ ልጆች አጠገብ ክር ከመረብ የማይለይ ጀማሪም ሳይኖር አይቀርም። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ዳር ቆዩ» ያላቸው ግን አልነበረም። ሌሊቱን አብረው ባዶ አደሩ፤ ጧት 153 ዓሣ የያዘውን መረብ አብረው ጎተቱ፤ በባሕሩ ዳር ጌታችን ካዘጋጀው እንጀራና ዓሣ አብረው በሉ። ማን ስንት እንደ ያዘ አልተጻፈም። ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ፣ ያውም ጴጥሮስ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደ ነበር። እርሱንም ከታንኳው ያወረደው የለም።

ቤተ ክርስቲያን በመርከብ እንደምትመሰል በክፍላችን ደጋግመን ተምረናል። እኔም ለታናናሾቼ አስተምሬዋለሁ። ስለ ኖኅ መርከብ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ መልሕቁ ሁሉ እናገር ነበር። አንድ ነገር ግን ከትምህርቴ ጎደለ፦ አዲስ ሰው ወደ መርከቧ ሲገባ የት እንደምናስቀምጠው። ያ ሽማግሌ አላዋቂዎቹን አጠገባቸውና በመካከል ነው ያስቀመጧቸው፤ ጀልባዋ በጣም የማትናወጠው በመካከሏ ነውና። እኛ አዲሱን በሩ አጠገብ አስቀመጥነው። በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ተመዝጋቢዎች ይመጣሉ። መቼ እንደሚሰገድ የማያውቅ፣ ነጠላ ማጣፋት የማያውቅ፣ መዝሙሩን ከሌላው ቀድሞ የሚጀምር ይኖራል። ከእኛ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በስብሰባ ተመክሮ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ለክፍሉ አሳስቤአለሁ። ተጠሪነቱንም በተመለከተ ለመምህራችን የምነግረውን ነግሬአለሁ፤ እርሱ በመካከላችን ይቆይ።

ለዚያ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ክሩን ያጠላለፍኩት እኔ መሆኔን በዚህ ጽሑፍ ሁላችሁ እያያችሁ እነግረዋለሁ። በቃልም ነግሬዋለሁ። «አውቄ ነበር» ነው ያለኝ። ዐውቆ ይቅርታ የጠየቀው ለምን እንደ ሆነ ስጠይቀው «ተጠሪ ነሃ» አለ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳመመኝ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ከሰፈራችን ጥቂት ደቂቃ ነው። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን ሳልሄድ የቀረሁት ርቆኝ አልነበረም። ያ ወንድማችን በዲላ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ሆኖ ጆንያና ሻንጣ ሲደረድር አገኘሁት። ከታች ሆኜ በስሙ ጠራሁት። ዐወቀኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

«ባለፈው ስታነብ መጀመሪያ የሳቅሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለና አንድ ጆንያ ገፋ አደረገ።

ሰው ይሰማል ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የጀልባዋን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። በመጀመሪያ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር። ክሩን በራሴ ላይ አሽከርክሬ ወረወርኩ ስለው ዞር ብሎ አየኝ። ተነሥቼ ቆምኩ ስለው፣ አንድ ልጅም በቀበቶዬ ይዞ አስቀረኝ ስለው፣ በሻንጣዎቹ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ? ተጠሪው?» አለ። ረዳቱም ሳቀ። ልከኛ ነው፤ ተራው የእርሱ ነበር።

ከዚያ ሸራውን በዕቃው ላይ ዘርግቶ የገመዱን ጫፍ ወደ እኔ ወረወረልኝ። «እዚያ ብረት ላይ እሰረው» አለኝ።

ገመዱን ይዤ ብረቱን አየሁት። እንደ ምንም ጠምጥሜ ልተወው አሰብኩ፤ ከላይ ሆኖ አያይም ነበርና።

«አላውቅበትም» አልኩ። «አሳየኝ።»

ወርዶ መጣ። አንድ ጊዜ አሳየኝ፣ ሁለተኛውን እጄን ይዞ አሠራኝ፣ ሦስተኛውን ብቻዬን አሰርኩ። ጎትቶ ሞከረውና ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለ ነበር ወዲያው ወጣ። እሑድ ይመጣ እንደ ሆነ ብጠይቀው «እሑድ መኪና ይበዛል» አለኝና ወደ ሚቀጥለው መኪና ሄደ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

ይህን የምጽፈው ረቡዕ ማታ ነው። ስሙን ወደ መጥሪያው መልሼዋለሁ፤ በመካከል በኩልም አንድ ወንበር ትርፍ አለን።